በባጃጅ የተላከው ጽዋ

ከወሬያችን አስቀድሞ ስሙን እንጥራ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ይህን ዝናብ ለምድር የሰጠ፣ ይህን ደጀ ሰላም ደግሞ ለእኛ ጥላ ያደረገ አምላክ ክብር ምስጋና ይድረሰው። በስደቷ ወራት ቁስቋም ላይ ያረፈች እመቤት ከምንናገረው የሚጠቅመውን ታስቀርልን፣ የማይጠቅመውን ይህ ጎርፍ ይዞት ይውረድ። አሜን በሉ እንጂ! እንዲያ ነው።

በእኛ ዘመን... ምነው ሳቃችሁ? «በእኛ ዘመን» ስል የሞተ ሰው የሚናገር መሰላችሁ? ይህ ባጃጅ የሚሮጥበት፣ ስልክ በየኪሱ የሚጮህበት ዘመንም የእኛው ዘመን ነው፣ ገና አላስረከብንም። ታዲያ በእኛ ዘመን አስተዋይ ሰው ትንሽ ነገር ያደናቀፈው እንደሆነ «ማን አደረገው?» ብሎ አይጮህም፤ «ምን ሊያስተምረኝ ነው?» ብሎ ይመረምራል እንጂ። አሁን ይህን ጌታሁንን እዩት። ከቅዳሴ ቢወጣ ጫማው የለም፣ እና ይኸው በዝናብ ላይ ነጎድጓድ ጨመረብን።

አንተ ጌታሁን፣ ና እስኪ ተቀመጥ።

«እንዴት ልቀመጥ የኔታ? አዲሱን ጫማዬን አጥልቆ ሄዶ ይህን ቡትቶ ተወልኝ እኮ! ተረከዙን ይዩት፣ አይጥ ያደረበት ይመስላል። የወሰደውን እግዜር ይይለት!»

ተው፣ በደጀ ሰላም አይረገምም። ይልቅስ ምሥጢሩን እንፈልገው። መምህሮቻችን አንዲቱን ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ሲፈቱ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነው ያረጀሁት፣ እና ያ ትምህርት ከጉባኤ ቤት ውጭም ይሠራል፣ ለጫማም ይሠራል። ጫማህን የወሰደ ሰው አንድም ድኻ ነው፤ ሳታውቀው መጽውተሃል። አንድም በጸሎት የተመሠጠ ጻድቅ ነው፤ ምድራዊውን ነገር መለየት ተስኖት የአንተን ተጫማ፤ እንዲህ ከሆነ ጫማህ ዛሬ በተባረከ እግር ላይ ነው። አንድም አንተ በቅዳሴው ሰዓት ልብህ ጫማህ ዘንድ ነበር፤ ሊገሥጽህ ነው።

«ልቤስ ከእርስዎ ጋር ነበር የኔታ፤ ደጅ የቀረው ጫማዬ ነው።»

ይሁን። ዝናቡም አላባራ፣ ነገሩም ነገር አስታወሰኝ፣ እና የጽዋችንን ነገር ላጫውታችሁ። ከትንሽ መሰናክል ምን ያህል ትምህርት እንደሚገኝ ትሰማላችሁ።

የቁስቋም ማኅበር አለን፣ ከአባቶቻችን የወረስነው። በየወሩ በዕለቷ ከማኅበርተኞቹ በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን፣ እኔ ጸሎት አደርሳለሁ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ እና በመጨረሻ የዕለቱ ባለተራ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ በእጁ ያስረክበዋል። ጽዋ የምንለው ጠላ የተሞላ፣ አፉ በነጭ ጨርቅ የታሰረ የሸክላ ማሰሮ ነው። ሕጋችን ሁለት ነው፤ የተኳረፉ ሰዎች ከጽዋው አይጠጡም፣ ተራም አይዘለልም። ተራ የተዘለለ ዕለት ማኅበሩ ፈረሰ። አባቶቻችን ይህን አስምለው ነው የሰጡን፤ በረሃቡም፣ በጦርነቱም፣ በበሽታውም ወራት ያልተዘለለ ተራ ነው። ሰማችሁ? በጦርነት ያልተዘለለው ተራ በዝናብ አሸንዳ ሊዘለል ነበር።

አያ ይርጋና አያ ሞላ የሚባሉ ማኅበርተኞች አሉን፣ ጀርባ ለጀርባ የሚኖሩ ጎረቤቶች። ግንባቸው አንድ ነው፣ በራቸው ግን ለየብቻ ነው፤ የይርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሞላ ወደ አራዳ በሚወርደው በታችኛው መንገድ ይከፈታል። ፍቅራቸውን ብታዩ! ከአንድ ጣሳ ቀለም ተካፍለው ሁለቱም በራቸውን አረንጓዴ የቀቡ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የይርጋ አሸንዳ ጠመመ፣ እና በበርበሬ ማስጫ ወራት ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ፣ እና ከጣሪያው የወረደው ውኃ በሙሉ ግንቡን ተሻግሮ የሞላ ሚስት ያሰጣችው በርበሬ ላይ ሄደ። ሞላ ግንቡ ሥር ቆሞ፣

«አያ ይርጋ! አሸንዳህን ሰብስብ፣ በርበሬዬ ዋኘ!»

«ዝናቡን እኔ አዘነብሁት?»

«ዝናቡንስ እግዜር አዘነበው፤ ወደኔ የላከው ያንተ አሸንዳ ነው! ከጣሪያህ የሚወርደው ውኃ እንኳ እንዳንተው ነው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አያውቅም!»

«ደግሞ ለዚህ በርበሬ! ቢደርቅስ ምን ሊሆን? ያስነጥሳል እንጂ ወጥ አያቀላም!»

አለቀ። የሰውን በርበሬ መንቀፍ ሚስቱን መንቀፍ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለ፣ መተያየት የለ። ሞላ ጭራሽ በሩ ከይርጋ በር ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ አንገብግቦት ሰማያዊ ቀባው። ይህን በሩን ልብ በሉልኝ፣ እንመለስበታለን።

ለዕርቅ ተመላለስሁ። ይርጋ «እኔ ይቅር ብያለሁ፣ እሱ መጥቶ ይለምነኝ እንጂ» ይላል። ሞላ «ልቤ እንደ ወተት ነው የኔታ፣ ዓይኑን ግን አላይም» ይላል። እንዲህ እያሉ የይርጋ ተራ ደረሰ፣ እና ከይርጋ ቀጥሎ ባለተራው ማን ይሁን? ሞላ!

በዕለቷ ይርጋ ቤት ተሰበሰብን። ሞላ ቀረ። ከግንቡ ማዶ በሚስቱ አፍ «ጽዋውን ላኩልኝ፣ ተራዬን አወጣለሁ፤ ከሱ እጅ ግን አልቀበልም፣ ደጁንም አልረግጥም» ብሎ ላከ። ይርጋም «እኔስ ብሆን ወደሱ በር የሚሄድ እግር የለኝም» አለ። አንዱ ማኅበርተኛ «ታዲያ ግንቡ አንድ አይደል? በግንቡ ላይ አቀብሉት» ቢል፣ ይርጋ «በግንብ የሚቀባበል ሌባ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው ተፈለገ፣ ሁሉም «የማን ወገን ልባል?» እያለ ዝናቡን ማየት ጀመረ። እንግዲህ ተራው ሊዘለል፣ ማኅበሩም በዓይናችን ፊት ሊፈርስ ሆነ። በመጨረሻ ይርጋ «በባጃጅ ይሂድ!» አለ።

በባጃጅ! ከግንብ ወዲህ ወደ ግንብ ወዲያ! ማኅበርተኛው ወደኔ ዞረ፣ «የኔታ፣ ይሆናል?» እኔም ነገሩን መረመርሁ። ባጃጅ በጎማ ሦስት ነው፣ በሞተር ግን አንድ ነው፣ ምሳሌነቱ ክፉ አይደለም አልሁ፤ ሎቱ ስብሐት! ፈቀድሁ። እኔ የመዝጊያውን ጸሎት ለማድረስ ወደ ውስጥ ስገባ ይርጋ ከአንድ ደሴ ከሚባል ባለባጃጅ ጋር በር ላይ ሲነጋገር ነበር። «በታችኛው መንገድ ዙር፤ አረንጓዴ በር አለ፤ አንኳኳና ‹ከቁስቋም ማኅበር ነው፣ ባለተራዎቹ እናንተ ናችሁ› ብለህ አስረክብ» ብሎታል። ተመልከቱ እንግዲህ! ይርጋ ካኮረፈ ጀምሮ ታችኛውን መንገድ አልረገጠም፣ እና የሞላ በር ሰማያዊ መሆኑን ከየት ይወቀው? በታችኛው መንገድ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው በር አንድ ብቻ ነበር። የማን ነው አትሉኝም? የሐጂ ኑሩ!

ሐጂ ኑሩ አራዳ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ አባታቸውም አያታቸውም የጎንደር ነጋዴ የነበሩ፣ የተከበሩ እስላም ናቸው። የዚያን ዕለት እህል ሊገዙ ኮላ ድባ ወርደው ነበር፣ በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። የሆነውን በኋላ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ከቁስቋም ማኅበር ነው፣ ባለተራዎቹ እናንተ ናችሁ!» አለ ደሴ።

«እኛ?»

«እናንተ። አረንጓዴ በር።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ እስላሞች ነን።»

«እናቴ፣ እኔ ባለባጃጅ ነኝ፣ የታዘዝሁት በር ነው፣ ሃይማኖት አይደለም» አለና ማሰሮውን አስታቅፏቸው ፈተለከ።

ማታ ሐጂ ሲመለሱ ጽዋው ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ ከቁርዓኑ ዝቅ፣ ከሳህኑ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሐጂ ጎረቤት ናቸውና ጽዋ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ቆመው አዩት፣ ተቀምጠው አዩት።

«ተሳስተው ይሆን?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ተሳስተው ቢሆን ይመለሱበት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አንጠይቃቸውም?»

«ምን ብለን? ጎረቤት አክብሮ ተራ ሲሰጥሽ ‹ለኔ ነው ወይ?› ይባላል? ነውር ነው! ምናልባት ተራ የሚያወጣ ሰው አጥሯቸው፣ ለምኖ መናገሩ ከብዷቸው ይሆናል። ዝም ብለሽ ተዘጋጂ።»

አያችሁ ይሉኝታን? ታዲያ ወሩን ሙሉ ሐጂ ተራ የደረሳቸው መስሏቸው ይሰናዳሉ። ሞላ «ይርጋ ከለከለኝ፣ ማኅበሩም ዝም አለ፣ ተዘለልሁ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ደብር ሲሳለም ይከርማል። ይርጋ ደግሞ «ወስዶ አፉን እንኳ አላመሰገነም» እያለ ይበግናል። እንዲያው ሁለቱ «ደረሰህ?» «አልደረሰኝም» ቢባባሉ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር፤ ግን ኩርፊያ ላይ ናቸው!

እኔስ? እኔ ምልክቱን ሁሉ አይቻለሁ። አንድ ቀን አራዳ በሱቃቸው ደጃፍ ሳልፍ ሐጂ ብድግ ብለው፣ «እንደምን ዋሉ የኔታ? እንደው ልጠይቅዎ፣ የማኅበሩ ዕለት ጾም ነው ፍስክ?» አሉኝ። ደስ አለኝ! የሌላ ሃይማኖት ሰው ሥርዓታችንን ለማወቅ ሲጠይቅ እንዴት ደስ አይበለኝ? «ሐጂ፣ ጾም አንድም የሆድ ነው፣ አንድም የዓይን ነው፣ አንድም የአንደበት ነው» ብዬ ከሥሩ ጀምሬ ፈታሁላቸው። ገዢዎቻቸው ጨርቁን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ሐጂ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«ስለዚህ ሽሮ ይሻላል?» አሉኝ።

«ሽሮ የትሕትና ምሳሌ ነው» አልሁ።

«እንግዲያውስ ሽሮ» ብለው ገቡ።

በሌላ ቀን ደግሞ በመንገድ አገኙኝና «ለመሆኑ ምን ያህል ሰው ይመጣል የኔታ?» አሉኝ። ያለፈው ትምህርት ልባቸውን ነክቶት ስለ ሰማያዊው ግብዣ የጠየቁኝ መሰለኝ፣ እና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሐጂ፣ ይህን የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው» አልኋቸው።

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ፣ እኔ ግን አላውቅም!» አይሉኝም? ትሕትና አነሳቸው ብዬ አዘንሁ። «ብቻ አብዝተው ይሰናዱ፤ ያቺ ዕለት ሳትታሰብ ትደርሳለች» አልኋቸው።

ደነገጡ። «ምነው፣ ቀኗ ተቀየረች እንዴ?»

ማታ ለባለቤቴ ለወይዘሮ አስካለ ይህን ሁሉ ባጫውታት፣ «የኔታ፣ ወይዘሮ ዘይነባ እኮ የሽሮ እህል በቁና ሲያስፈጩ አየሁ። ሠርግ አላቸው እንዴ? ለምን አይጠይቋቸውም?» አለችኝ። እኔም ሰው ስንቅ ማሰናዳቱ በምን እንደሚመሰል ስፈታላት ተኝታ አገኘኋት።

በዚያ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ተነሥቷል። ጠላ ታስሮ ሲቆይ ምን ያደርጋል? ይፈላል። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ዘይነባ ከመደርደሪያው ድምፅ ይሰማሉ።

«ሐጂ! ማሰሮው ያጉረመርማል!»

«ምን ይላል?»

«ቃሉ አይለይም። ቡፍ፣ ቡፍ ይላል።»

«የለመደው ጸሎት ቀርቶበት ይሆናል፤ ታገሺው» አሉ ሐጂ፣ እና ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር።

ዕለቷ ደረሰች። እኔ መስቀሌን ይዤ፣ ማኅበርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወደ ሞላ ቤት ወረድን። ይርጋም ሥርዓት ነውና ከኋላ ከኋላ ተከተለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ሰማያዊውን በር ብናንኳኳ ሞላ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ እጁ ጭቃ ሆኖ ብቅ አለ።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለን።

«ማኅበር አይደለም እንዴ? ተራህ አይደለም እንዴ?»

«በየትኛው ጽዋ? አስቀርታችሁብኝ ስታበቁ ደግሞ ልታላግጡብኝ መጣችሁ?»

ይርጋ ከኋላ «አንተ ውሸታም! በባጃጅ ላክሁልህ!» ሞላ «ባጃጅህንም አላየሁ፣ አንተንም አልይህ!» ይርጋ «ደብቆታል፣ ፈትሹት!» ሞላ «ጠጥቶታል፣ አሽትቱት!» ጎረቤት ወጣ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ምርኩዙ ላይ ግንባሩን ደፍቶ «አባቴ በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ያስረከበኝ ማኅበር...» ብሎ አለቀሰ። አትሳቁ፣ ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ጽዋው የለ፣ ተራው ተዘለለ፣ ሕጉ ሕግ ነው። የሚፈርሰውም በማን አፍ ነው? በእኔ። መስቀሌን ከፍ አደረግሁ፣ አፌን ከፈትሁ። እንግዲህ «ማኅበራችን...» እንዳልሁ ከበስተጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ።

«የኔታ! ምነው ዘገያችሁ? ሽሮው ቀዘቀዘ እኮ!»

ብዞር ሐጂ ኑሩ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ምን እንደሆነ ሳይገባን ተከትለናቸው ሄድን። ዳስ ተጥሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሰላጣው በየትሪው ተሰልፏል፤ ከሁለታችንም ወገን ማንም ቅር እንዳይለው ሥጋ የሚባል የለም፣ በጠላ ፈንታ የማር ብርዝ ተቀድቷል። እና በመካከሉ፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ጽዋችን! «ቡፍ» ይላል።

ሐጂ ባለባጃጁ ያመጣውን፣ ይርጋም ያዘዘውን በር ሲናገሩ ነገሩ ተገለጠና ሰዉ ሁሉ አፉን ያዘ። ሐጂ ግን ቀጥ ብለው ቆሙና፣ «ተሳስቶ ከመጣ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ነው የሚመለስ። ባለቤቱ ማነው?» አሉ።

ይርጋ «እኔ ሰጥቻለሁ፣ ከእጄ ወጥቷል። የኔ አይደለም» አለ።

ሞላ «እኔ አልተቀበልሁም፣ ከእጄ አልገባም። የኔ አይደለም» አለ።

ሐጂ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «እንግዲያው ባለቤት የሌለው ነገር ባገኘው ሰው ዘንድ ይቆያል። ዘይነባ፣ ወደ መደርደሪያው መልሺው። የመጪውም ወር ተራ የእኛው ነው።»

«ደግሞ ሌላ ሽሮ?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፤ ቢሆንም እጃቸውን ወደ ማሰሮው ዘረጉ።

ያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች «ቆይ!» ብለው ከግራና ከቀኝ ዘለሉ፣ እና ማሰሮውን እኩል ያዙት። አራት እጅ! ማሰሮው ሙሉ ነው፣ ክብ ነው፣ ጆሮ የለውም፣ በዚያ ላይ አረፋው ወጥቶ አሙለጭልጮታል።

«ልቀቅ!»

«አንተ ልቀቅ!»

«እኔ ከለቀቅሁ ይወድቃል!»

«እኔስ ብለቅ?»

እውነታቸውን ነው። አንዱ ቢለቅ የአባቶቻችን ጽዋ ገል ሊሆን ነው። እኔም «ማንም እንዳይለቅ! እንደያዛችሁ ወደ ሞላ ቤት!» ብዬ አዘዝሁ። ዛሬውኑ ከሞላ ደጅ ከገባ ተራው አልተዘለለምና።

ጉዟችንን ብታዩት! ፊት ለፊት ተያይዘዋልና አንዱ ወደ ፊት ሲራመድ አንዱ የግድ ወደ ኋላ መራመድ አለበት። ወደ ኋላ የሚራመደው ሞላ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው። ዓይኑን አላይም ያለው ሰው አሁን ከዚያ ዓይን በቀር የሚመራው የለም። እኛ ከኋላ እየዘመርን፣ ሐጂ ጥላ ዘርግተው፣ ወይዘሮ ዘይነባ «ቀስ! ቀስ!» እያሉ። በኋላ ይርጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከኋላህ ድንጋይ አለ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ። በኔ ግራ አይደለም፣ ባንተ ግራ።»

ሞላ ድንጋዩን አለፈ። ጥቂት ሄደና «ባጃጅ ከኋላህ መጥቷል፣ ጥግ ያዝ፣ አያ ይርጋ» አለ። «አያ» አለው! ሰምታችኋል? ከበርበሬው ወዲህ ያልተሰማ ቃል ነው። ባጃጁ ደርሶ ቆመ፣ ቢታይ ያው ደሴ ነው። አንገቱን አውጥቶ፣ «የኔታ፣ ከባድ ይመስላል፤ ላድርስላችሁ?» አለ።

«አይሆንም!» ብለን በአንድ ድምፅ ጮኽን፣ እስላም ክርስቲያኑ።

ሰማያዊው በር ደረስን። በሩን ለመክፈት አንድ እጅ ያስፈልጋል፣ ያ አንድ እጅ የለም። ሐጂ ከፈቱላቸው። ገብተው ጎንበስ ብለው እኩል አስቀመጡት፣ እና እጃቸውን ሳያነሡ እዚያው እንደ ተንበረከኩ ቀሩ። ይርጋ «አያ ሞላ፣ በርበሬህን ሰድቤአለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ሞላም «እኔም አሸንዳህን ልወቅስ ወጥቼ አንተን ሰደብሁ። ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። እግዚአብሔር ይፍታ ብዬ ጨርቁን ፈታሁ፣ ባርኬ ለሁለቱ ቀዳሁላቸው። አንድ ጊዜ ጎንጨት ቢሉ ፊታቸው እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨማደደ።

«የኔታ! ይህ እኮ ሆምጣጤ ነው!»

«ሆምጣጤ አይደለም፣ ኩርፊያችሁ ነው። ሲጠመቅ ሸጋ ነበር፤ ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ። ጨርሱት!» አልኋቸው፣ እና ጨረሱት።

ሞላ ያሰናዳው ነገር የለምና የሐጂን ትሪ ሁሉ ተሸክመን ወደ ሞላ ቤት አመጣነው፤ የሽሮውን ድስት የተሸከመው ይርጋ ነው። ሐጂና ወይዘሮ ዘይነባም ከመካከላችን ተቀመጡ። ይርጋ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ቀና አለ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይህ እንዴት ያለ ሸጋ ሽሮ ነው! በርበሬውን ከየት አገኙት?»

ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ የጠቡን ሥር አያውቁ። «ከእነ አያ ሞላ ነዋ! ያን ውኃ የመታውን በርበሬ እንደገና አድርቀው ሰጥተውኝ» አሉ።

ጉርሻ በየእጁ ቆመ። ሞላ ወደ ይርጋ አየ። ሚስቱም አየች። ይርጋ አኘከ፣ አኘከ፣ ዋጠ።

«ውኃው ነው ያጣፈጠው» አለ።

ሞላ ሳቁን መያዝ አቅቶት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። እና ማኅበሩ ይኸው አለ፣ ተራውም አልተዘለለ። አሸንዳው ተቃንቶ ውኃው አሁን ሁለቱ በሚቀዱበት በርሜል ይገባል። ሐጂ ደግሞ «ሁለተኛ ሰው እንዳይሳሳት» ብለው በራቸውን እንደ ሞላ ሰማያዊ ቀቡ፤ ሞላም በዚያው ሰሞን «ከይርጋ ጋር ታርቄ በሰማያዊ አልኖርም» ብሎ አረንጓዴውን መለሰ፣ እና ባለባጃጆቹ እስከ ዛሬ የሁለቱን ቤት ያማታሉ።

እኔም ማታ ለወይዘሮ አስካለ ምሥጢሩን ፈታሁላት። «አንድም ጽዋው ከባዕድ ቤት መክረሙ በእኛ ዘንድ ሰላም ስላላገኘ ነው። አንድም አደራን ማክበር ከጎረቤት እንድንማር ነው። አንድም ሰው ወደ ኋላ እየሄደ እንኳ ወንድሙ ከመራው ከደጁ ይደርሳል ሲል ነው» አልኋት።

እሷም «አንድም እርስዎ ሐጂን ‹ለምን ይጠይቁኛል?› ቢሏቸው ኖሮ በማግስቱ ይገኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን አንድምታ በጉባኤ ቤት አልሰማሁትም። ግን አልጣልሁትም፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ ጌታሁን፣ የጠፋ ነገር ሁሉ ወዴት እንደሄደ ብቻ ሳይሆን...

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላቋርጥዎ ነው።»

ተናገር።

«ምሥጢሩን እስኪፈቱልኝ አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ነበርና... እንደው ዝቅ ብለው እግርዎን ቢያዩት?»

እግሬን? ምን ሆነ እግሬ? ... ቆይ። ቆይ እስኪ። ይህ የማን... አዲስ ነው እኮ ይህ! ... እና ያ ተረከዙን አይጥ ያደረበት ያልኸው... እዚህ አምጣው እስኪ። አቤት! የእኔው ነው! ለካ ለዚህ ነው ዛሬ ከቤተ መቅደስ ስወጣ መሬቱ የለሰለሰልኝ! እኔ ጸሎቴ ተሰማ ብዬ እስከ ደጀ ሰላም ድረስ ሳመሰግን መጣሁ!

«ታዲያ የትኛው ነዎት የኔታ? ድኻው ነዎት ወይስ በጸሎት የተመሠጠው ጻድቅ?»

አንድም ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው በለው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቅ በደጀ ሰላም አልተከለከለም። ይልቅስ ያን «እግዜር ይይለት» ያልኸውን ቶሎ አንሣልኝ፣ ዝናቡም እያባራ ነው፣ በዚህ እርግማን ጭቃ ውስጥ እንዳልገባ።

«አንሥቻለሁ የኔታ። እርስዎም ይመርቁን።»

እንግዲህ ተነሡ፣ ልመርቃችሁ። ጫማችሁ አይጥፋ፤ ቢጠፋም በወዳጅ እግር ይገኝ። በራችሁ የፈለገው ቀለም ቢሆን በረከት ደጃችሁን አይሳት፤ ቢስትም ከሐጂ ኑሩ ዓይነቱ ሰው ደጅ ይዋል። ጠላችሁ ሳይኮመጥጥ ዕርቃችሁ ይድረስ። ወደ ኋላ በምትሄዱበት ቀን ከፊታችሁ የሚያይላችሁ ወንድም አይታጣ። ልጅ አሳድጉ፣ እርጅናውን በጤና ያምጣላችሁ፣ ማኅበራችሁን ለልጅ ልጅ የምታስረክቡ ያድርጋችሁ። እመቤታችን ከስደት ትመልሳችሁ፣ ከኩርፊያም ትመልሳችሁ።

አሜን በሉ። ጌታሁን፣ አንተ ጮክ ብለህ በል፤ ጫማህን እያወለቅሁልህ ነው።